ሀገር ፍቅር ይከበር ወይስ ይጠየቅ? የአንድ ክር ውሎ

በአንድ የበይነ መረብ መድረክ ላይ ክሩን፣ ማለትም ተከታታይ ውይይቱን፣ የከፈተው ልጅ ነገሩን በሦስት የክብር ዶክትሬት ጀመረው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለጥላሁን ገሠሠ፣ ጎንደር ለማሕሙድ አሕመድ፣ ጅማ ለዓሊ ቢራ ሰጥተዋል፤ እሰየው፣ ይገባቸዋል። ታዲያ እነዚህን ሰዎች ገና ማንም ሳያውቃቸው ተቀብሎ ደመወዝ የቆረጠላቸውን ቤት ማን አከበረው? ሐምሌ 1927 የተቋቋመው ሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት በ2017 ክረምት 90 ዓመት ሞላው፤ እሱ በሚከታተላቸው ገጾች ላይ ግን የአንድ ሰሞን ወሬ እንኳ አልሆነም። ካባ የምናለብሰው ለዘፋኝ ብቻ ነው ወይስ ዘፋኙን በእግሩ ላቆመ ድርጅትም ይገባል? ጥያቄው ይኸው ነው።

እኔ መልስ አልጻፍኩም። ዳር ሆኜ ያነበብኩትን ከነቁጥሩ እተርካለሁ፤ አሜን እና ትክክል ብቻ ብለው ያለፉትን ዘልያቸዋለሁ።

ቁጥር 1 አመስጋኝ ነው፤ ሐሳቡን አድንቆ፣ ለከፋቹ ዕድሜና ጤና ተመኝቶ ሄደ። ቁጥር 2 ዓመቱን አረመ፤ የተቋቋመው በ1935 ነው አለ። ቁጥር 3 ሁለቱም ልክ መሆናቸውን፣ አንዱ በእኛ ሌላው በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንደሆነ አስረዳ። ቁጥር 4 ይህን ማን ያጣዋል ብሎ ቁጥር 3 ላይ ተቆጣ። እዚህ መድረክ ላይ ዓመተ ምሕረት የተጠቀሰበት ክር ሁሉ ይህን ቀረጥ ሳይከፍል አያልፍም።

የመጀመሪያው ቁም ነገር ያለው እርማት የመጣው በቁጥር 5 ነው። ከተጠሩት ሦስቱ በሀገር ፍቅር ያለፈው ጥላሁን ብቻ ነው ይላል። ማሕሙድ አሪዞና በሚባለው የምሽት ክበብ ተላላኪ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ ክበቡ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ የሚያመሹበት ነው። አንድ ምሽት ዘፋኞቹ ሳይመጡ ቀሩ፤ ልጁ ልዝፈን ብሎ ጠየቀ፣ ፈቀዱለት፣ ከዚያ በኋላ ክብር ዘበኛ ወሰደው። ዓሊ ቢራ ደግሞ ከነጭራሹ የአዲስ አበባ ቤት ልጅ አይደለም፤ ያደገው ድሬዳዋ ላይ፣ አፍራን ቀሎ በሚባለው የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን ውስጥ ነው። ቁጥር 5 ትሕትና አልጎደለውም፤ ውዳሴ ሲጻፍ ሁሉን በአንድ ጣሪያ ሥር ማስገባት ሌላውን መዝረፍ ይሆናል ብሎ ብቻ አለፈ።

ከዚህ በኋላ አንድ አዛውንት ገቡ፤ ቁጥር 7 ናቸው። አጻጻፋቸው የድሮ ሰው ነው፣ አራት ነጥብ አይረሱም። ሀገር ፍቅር ሲጀመር ቴአትር ቤት አልነበረም፤ ኢጣሊያ ሊወርረን በተቃረበበት ሰዓት ሕዝቡን ለመቀስቀስ በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የተቋቋመ ማኅበር ነበር አሉ። ሥራው ንግግር ነበር፤ መዝሙሩና ቀረርቶው የመጣው ንግግሩን ሰው ቆሞ እንዲያዳምጠው ነው። ጠላት ገባና ተበተነ፤ ከነፃነት በኋላ እንደገና ቆመ፤ ቀስ በቀስ ሙዚቃው ንግግሩን በላው። እሳቸው እንደሚሉት ክብሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያን ጊዜ መሰንቆና ክራር የያዘ ሰው በሠርግም በጠጅ ቤትም ይፈለጋል እንጂ ልጁን የሚድርለት አልነበረም፤ ማኅበሩ ግን ይህንኑ ሰው መዝገብ ላይ አስፍሮ በወር በወሩ አስፈርሞ ከፈለው። ከዚህ በላይ ሜዳልያ አላውቅም ብለው ጨረሱ። በቀጣዮቹ መልሶች ሁሉም ጋሼ እያለ ይጠራቸዋል፤ የተከራከራቸውም ጭምር።

ቁጥር 8 የጥላሁንን አመጣጥ ተረከ። ወሊሶ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ የሀገር ፍቅር ሰዎች፣ እነ ንጋቷ ከልካይና እዮኤል ዮሐንስ፣ ትርኢት ሊያሳዩ ይመጣሉ። ልጁ እዮኤልን ያናግራል፤ መዝፈን ከፈለግህ አዲስ አበባ መምጣት አለብህ ይሉታል። ቤተሰብ ይህን ሲሰማ ይቆጣል። በእግሩ ወደ ቱሉ ቦሎ ይወጣል፣ ይይዙትና ይመልሱታል፤ በሁለተኛው ጊዜ ጭነት በያዘ መኪና ላይ ተደብቆ ይሄዳል። ሀገር ፍቅር ተቀበለው። ቁጥር 8 የሚጠይቀው ይህን ነው፤ ያ መኪና አዲስ አበባ ሲደርስ የሚቀበለው ደጅ ባይኖር ልጁ የት ይወርድ ነበር?

ቁጥር 10 ላይ ክሩ ለአፍታ ዝግ አለ። የጻፈችው ሴት አባቷ በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ስለ ዝና አንድ ቃል የላትም፤ የጻፈችው ስለ ጡረታ ደብተር ነው። አባቷ ደብተሩን ከጥሩምባው አፍ ማስገቢያ ጋር በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጡት ነበር፤ ልጆች እንዳይነኩት ቆርቆሮው ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል። ብሩ ትንሽ ነው፣ ግን አይቀርም። የልብ ወዳጃቸው ደግሞ ሳክስፎን ነፊ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጫወቱት በምሽት ክበብ ነው፤ በደህናው ዘመን ከአባቷ ሦስት እጥፍ ያገኙ ነበር። ሲታመሙ የሚያወጡት ደብተር አልነበራቸውም፤ የድሮ ጓደኞቻቸው ተሰብስበው የገቢ ማሰባሰቢያ ምሽት አዘጋጁ፣ ከበሽታው ግን ቀድሞ አልደረሰም። እሷ ማንንም አልወቀሰችም። ዩኒፎርምና ማዕረግ ያለው ባንድ የሚሰጠውን ነገር ጭብጨባ አይሰጥም ብላ ብቻ ተወችው።

እዚህ ላይ የራሴን ልጨምር። ስለ ሙዚቃ ታሪካችን ስናወራ የክብር ዘበኛውን፣ የፖሊሱን፣ የጦር ሠራዊቱን ኦርኬስትራ በድምፁ እናስታውሳለን፤ በነሐስ መሣሪያው፣ በቅንብሩ። የሥራ ቦታ መሆኑ ይረሳናል። ክሩ ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ ለእኔ የሚያመዝነው የቁጥር 10 የብስኩት ቆርቆሮ ነው።

ቁጥር 11 የጋሼን መልስ ይዞ ሌላ ነገር አስታወሰ፤ አንብቤ ወንበሬ ላይ ቀጥ አልኩ። ሀገር ፍቅርን የመሩት መኰንን ሀብተ ወልድ በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ከተገደሉት ባለ ሥልጣናት አንዱ ናቸው። ሙከራውን የመሩት የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ናቸው። ጥላሁን ደግሞ በዚያን ጊዜ ሀገር ፍቅርን ትቶ የክብር ዘበኛ ዘፋኝ ሆኖ ነበር፤ ሙከራው ሲከሽፍ ከታሰሩት ውስጥ እሱም አለበት። ያሳደገው ቤት አለቃ ሞቱ፣ የወሰደው ቤት አለቃ ተሰቀሉ፣ ዘፋኙ መሐል ላይ። ቁጥር 11 ከዚህ ያወጣው መደምደሚያ ደፋር ነው፤ እነዚህ ቤቶች ሙዚቀኛን ያኖሩት ለመንግሥት ስለሚጠቅም ነው፤ ስለዚህ ውለታ አንበለው። ጋሼ በቁጥር 13 በአጭሩ መለሱለት። እንጀራ የበላ ሰው ጋጋሪዋ ለምን እንደጋገረች አይጠይቅም፣ ብለው። ቁጥር 14 ሊጠይቅ ይገባል አለ። ከዚህ በኋላ ጨዋነቱ ተሸረሸረ።

እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ የመጣው ቁጥር 15 ነው። ሰው ሁሉ ሀገር ፍቅርን ሲያወድስ አንዱን ነገር ዘሏል አለ፤ የሸክላውን። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ሸክላ ከውጭ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጠ። በሙዚቃው እሳት የነበረችው ከተማ፣ በየምሽት ክበቡ ባንድ የሞላባት አዲስ አበባ፣ የራሷን ድምፅ አሳትሞ የሚሸጥላት አንድ ድርጅት ብቻ ነበራት፤ እሱም ቢሆን ለአዲሱ ሙዚቃ ቁብ አልሰጠውም። አምሃ እሸቴ የሚባል ገና በ20ዎቹ የነበረ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 ትእዛዙን ጥሶ የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ ድርጅት ከፈተ፤ ቢበዛ እታሰራለሁ እንጂ አልገደልም ብሎ። የመጀመሪያው ዘፋኝ ዓለማየሁ እሸቴ ነው። ሸክላው እዚህ የሚታተምበት ፋብሪካ ስላልነበረ ቅጂው ውጭ አገር ተልኮ ነው ታትሞ የመጣው። እስከ እ.ኤ.አ. 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና 12 ትልልቅ አወጣ። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የዚያ ዘመን ድምፅ ትልቅ ክፍል ይህ ነው። ስለዚህ፣ ይላል ቁጥር 15፣ ካባውን ማልበስ ካስፈለገ ለከልካዩ ሳይሆን ለጣሹ።

ቁጥር 16 ቁጥር 15ን ታሪክ በፈረንጅ መጽሔት ያነበበ ብሎ ጎነተለው። ቁጥር 17 የጎንታዩን ትምህርት ደረጃ ጠየቀ። የቁጥር 18 ግማሹ ተሰርዟል፤ የመድረኩ አስተናጋጅ የእናት ስም አይነሳ ብሎ ማስጠንቀቂያ ትቶበታል። ከዚህ ግርግር ውስጥ የተረፈ አንድ ቁም ነገር ቢኖር የቁጥር 19 ነው፤ አምሃም ነጋዴ ነበር፣ ነጋዴ በመሆኑም አያሳፍርም፤ ነገር ግን ሸክላ ያሳተመ ሰው ጡረታ አይከፍልም። የአምሃ ዘፋኞች አብዛኞቹ ቀን ቀን የመንግሥት ኦርኬስትራ ደመወዝተኞች ነበሩ፤ ዓለማየሁ ራሱ የፖሊስ ሠራዊት ልጅ ነው። አንዱ ቤት ሰውየውን አኖረው፣ ሌላው ድምፁን። ይህን የመሰለ መልስ ከተጻፈ በኋላ ጠብ የሚበርድ ይመስላል፤ አልበረደም።

ክሩ ወደ አሜሪካ የተሻገረው አምሃን ተከትሎ ነው። ቁጥር 20 አምሃ በደርግ ዘመን ወጥቶ ዋሽንግተን ላይ ምግብ ቤትና የምሽት ክበብ እንደከፈተ፣ ዋልያስ ባንድም እ.ኤ.አ. በ1981 ለትርኢት መጥቶ ከአባላቱ አራቱ እዚያው እንደቀሩ አነሳ። ከእነዚያ ሰዎች ውስጥ ታክሲ የነዳ አለ። ቁጥር 21፣ ሜሪላንድ የሚኖር ሰው፣ ይህን ይዞ ሙዚኬርስ ስለሚባለው ድርጅት ጻፈ። ግራሚ የተባለውን የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት የሚሰጠው ሪከርዲንግ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1989 ያቋቋመው ነው፤ የሙዚቃ ሰው ሲታመም፣ ሱስ ሲይዘው፣ የቤት ኪራይ ሲያቅተው የሚደርስ። ገንዘቡን የሚያገኝበት መንገድ ቁጥር 21ን አስገርሞታል፣ እኔንም። በየዓመቱ ከግራሚው ሰሞን አንድ ታዋቂ ሰው ይመርጣሉ፤ ከእ.ኤ.አ. 1991 ጀምሮ፣ የመጀመሪያው ዴቪድ ክሮዝቢ ነው፤ ለእሱ ክብር ትልቅ እራት ያዘጋጃሉ፣ ሌሎች ከዋክብት የእሱን ዘፈን ይዘፍኑለታል፣ የወንበሩና የጠረጴዛው ሽያጭ ግን ለታመሙት ይሄዳል። የሚከበረው ሰው ክብሩን ይወስዳል፤ ብሩ የማንም ስሙን ለማያውቀው ከበሮ መቺ ይደርሳል። ኮሮና ሲመጣ፣ መድረክ ሁሉ በተዘጋ ጊዜ፣ ቶሎ የእርዳታ ሣጥን የከፈቱት እነሱ ናቸው።

ቁጥር 22 ወዲያው የቤታችንን ጥያቄ ጠየቀ፤ በሐበሻ ሠርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ይገባዋል ወይ? ቁጥር 21 ተመልሶ መለሰ። የአካዳሚው አባል መሆን ግድ አይደለም፤ ቢያንስ አምስት ዓመት በሙዚቃ ሥራ ላይ መቆየት ወይም ለገበያ በወጡ ስድስት ሥራዎች ላይ መሳተፍ ነው የሚጠየቀው። ችግሩ ማስረጃው ነው። የእኛ ሰው ሠርግ የሚሠራው በስልክ ተነጋግሮ፣ ክፍያውን በፖስታ ተቀብሎ ነው፤ ውል የለው፣ ደረሰኝ የለው። አምስት ዓመት መሥራቱን ዳንሰኛው ሁሉ ያውቃል፣ ወረቀት ላይ ግን የለም። ቁጥር 23 እሱ ራሱ እንዲህ ዓይነት ሰው መሆኑን ጻፈ፤ አንድ የምሽት ክበብ ውስጥ ዓመታት ተጫውቶ፣ ባለቤቱ ክበቡን ሲሸጥ የሁለት ወር ሒሳቡ እንደቀረ። የክበቡን ስም እንዲናገር ሦስት ሰው ወተወተው፤ እምቢ አለ፣ አሁንም እዚያው ሰፈር ስለምጫወት ብሎ።

ግራሚ መነሳቱ ሌላ በር ከፈተ። ቁጥር 24 እ.ኤ.አ. በ2009 ትውልደ ኢትዮጵያውያኑ ዘፋኞች ዋይና እና ኬና በአንድ የግራሚ ዘርፍ አብረው መታጨታቸውን አስታወሰ። ቁጥር 25 ዘ ዊኬንድ በሚል ስም የሚታወቀውን አቤል ተስፋዬን አመጣ፤ ለእ.ኤ.አ. 2021 ሽልማት በአንድም ዘርፍ ሳይታጭ ሲቀር በድብቅ ኮሚቴዎቹ ምክንያት ከእንግዲህ ሥራዬን አላቀርብም እንዳለና አካዳሚው በዚያው ዓመት ኮሚቴዎቹን እንዳስቀራቸው። ቁጥር 26 አቤል የማን ነው የሚለውን ዘላለማዊ ክርክር ሊጀምር ሲል አስተናጋጁ ለዚያ የተለየ ክር እንዳለ አሳወቀ። አለ፣ እውነትም፤ ሦስት መቶ መልስ አልፏል፣ ማንም አያንብበው።

ወደ ነገሩ የመለሰው ከድሬዳዋ የጻፈው ቁጥር 28 ነው፤ ቁጥር 5ን አመስግኖ ጀመረ። ስለ ሀገር ፍቅር ስታወሩ ሁለት መቶ ሜትር እንኳ ከፒያሳ አልወጣችሁም አለ። አፍራን ቀሎ የተነሳው በራሱ ሰዎች መዋጮ ነው፤ በኦሮምኛ ሊዘፍኑ ተሰባስበው፣ መሣሪያ ከየትም ለቃቅመው፣ ደመወዝ የሚባል ሳይኖር፤ ድጋፍ ቀርቶ እውቅና ተነፍጓቸው፣ ወከባና እስር ደርሶባቸው ነው። ድርጅት ማክበር ከተጀመረ ማንም ያልደገፈው ድርጅት የት ይመዘገባል? በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልስ ያገኘው ግን ግማሽ ነው። ቁጥር 29 በደርግ ዘመን ስለተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች፣ ስለ ወሎው ላሊበላ፣ ስለ ጎንደሩ ፋሲለደስ፣ ስለ ጎጃሙ ግሽ ዓባይ ጻፈ፤ ከክፍለ ሀገር ሳይወጡ ደመወዝ የበሉ ድምፃውያን ከዚያ መፍለቃቸውን። የድሬዳዋውን ጥያቄ ግን በጎን አለፈው።

አንድ የሕግ ሰው፣ ቁጥር 31፣ ስሜት የሌለበት መልስ ጻፈ፤ ብዙዎችን ያስደነገጠው ግን ይኸው ነው። በዐዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲና የዜማ ደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጸናል፤ የከዋኙ፣ ማለትም የዘፋኙና የመሣሪያ ተጫዋቹ፣ ግን ከቀረጻው ጀምሮ 50 ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቀረጸ ሸክላ ላይ ጥሩምባ የነፋ ሰው መብቱ አልቋል፤ ዜማውን የደረሰው ሰው ወራሾች ግን ዛሬም ሊኖራቸው ይችላል። በ2007 የወጣው ማሻሻያ ዐዋጅ ቁጥር 872 ሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራው ጥቅም ላይ ሲውል ለባለ መብቱ የሚከፈለውን፣ የሚሰበስብ የጋራ አስተዳደር ማኅበር እንዲኖር መንገድ ከፈተ፤ እሱም ቢሆን ለማን ይከፈል የሚለውን የሚመልሰው ስም ሲኖር ነው። የድሮ ሸክላ ሽፋን ላይ የዘፋኙ ስም በትልቁ አለ፣ የባንዱ ስም አንዳንዴ አለ፤ ጥሩምባ ነፊው የለም።

ከፋቹ በቁጥር 32 ተመለሰ፤ አቋሙን አልለወጠም። ሀገር ፍቅር ሸክላውን መከልከሉ ክብሩን አይሽረውም፣ ሁለቱም በአንድ መዝገብ ይጻፍ አለ። ቁጥር 15 ደግሞ መዝገቡ መጀመሪያ ይከፈት፣ ካባው ከዚያ ብሎ መለሰ፤ ይህን ያለው ግን አንድ ስድብ ሳይጨምር ነው፤ በእሱ ልክ ትልቅ እርቅ ነው።

እኔ ከቁጥር 15 ጋር ነኝ፤ ምክንያቴ ግን የተለየ ነው። ለድርጅት ሜዳልያ ብትሰጥ የሚቀበለው የዚያን ዓመት ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ፎቶ ይነሳል፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ አለቀ። ሀገር ፍቅርን፣ ክብር ዘበኛን፣ ፖሊስን፣ ማዘጋጃ ቤትን፣ አፍራን ቀሎን ማክበር ማለት ማን መቼ ተቀጠረ፣ ምን ነፋ፣ ስንት ተከፈለው የሚለውን ስም በስም ማውጣት ነው። ዘፋኞቹን እናውቃቸዋለን። የሕግ ሰውዬው ስማቸው ሽፋኑ ላይ የለም ያላቸውን ሰዎች የሚያውቃቸው የደመወዝ መዝገብ ብቻ ነው።

ቁጥር 33 የቁጥር 10ን ጸሐፊ የአባቷን የጡረታ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አንስታ እንድትለጥፍ ጠየቀ፤ የቅጥር ዘመኑና የክፍሉ ስም ስላለበት ከዚያ መጀመር ይቻላል ብሎ። መጀመሪያ ወንድሞቿን አስፈቅዳ እንደምትመለስ ጻፈች። ጋሼም የሁለት የሀገር ፍቅር ክራር መቺዎችን ስም ከነሰፈራቸው እንደሚያስታውሱ፣ ግን ዘመድ ሳይጠየቅ በአደባባይ እንደማይጽፉ ተናገሩ፤ ለከፋቹ በውስጥ መስመር ሊልኩለት ቃል ገቡ።

ቁጥር 36 ያገለገለ ኪቦርድ የሚሸጥ ሰው ነው። ቁጥር 23 ዋጋውን ጠይቆታል።